የምታረቡት ዓሣ ሥጋ ውስጥ ምን አለ? ከኩሬው እስከ ላብራቶሪው

ይህን የምጽፈው በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው። ወንድሜና እኔ ከምናረባው ቲላፒያ ናሙና ወስደን ላብራቶሪ ልከን ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እርሳስ፣ ሊድ የሚባለውን ብረት ማለቴ ነው፣ 0.9 ሚሊግራም በኪሎ ይላል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለዓሣ የሚፈቅደው እስከ 0.3 ሚሊግራም በኪሎ ነው። ሦስት እጥፍ! በዚያው ቀን መሸጥ አቆምን። ለልጆች የተሠራው ዓሣም ሳይቀመስ ተደፋ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተን ስናጣራ ግን ዓሣው ደህና ነበር። ጥፋቱ ናሙናውን ያዘጋጀንበትና ቁጥሩን ያነበብንበት መንገድ ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በዚያ ሰሞን ሳነብና ስጠይቅ የገባኝ ትልቁ ነገር፣ ዓሣ ጠቃሚውንም ጎጂውንም የሚያስገባው በአንድ በር መሆኑ ነው። እርሳስና ካድሚየም የሚባለው ሌላው መርዛማ ብረት በስንጥቡ በኩል ሲገቡ ካልሲየም በሚያልፍበት መንገድ ነው የሚሾልኩት፤ የዓሣው ሰውነት አይለያቸውም። ሜርኩሪ ደግሞ በአብዛኛው ከሚበላው ነገር ጋር ይገባና ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። አንዴ ከተጣበቀ ብታጥቡትም ብትቀቅሉትም አይወጣም። ስለዚህ የዓሣው ሥጋ ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ውሃው፣ አፈሩና መኖው ላይ ነው። ማድ ቤት ከደረሰ በኋላ የሚስተካከለው ትንሽ ነው።

መጀመሪያ፦ ምን እንደምትፈልጉ ለዩ

100 ግራም ጥሬ የቲላፒያ ሥጋ ውስጥ ወደ 300 ሚሊግራም ፖታሲየም፣ 170 ሚሊግራም ያህል ፎስፈረስና 40 ማይክሮግራም ገደማ ሴሌኒየም አለ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ሴሌኒየም 55 ማይክሮግራም ነው። አንድ ደህና ቁራጭ ዓሣ የቀኑን አብዛኛውን ሸፈነ ማለት ነው። ብረት፣ ለደም የሚሆነው አይረን ማለቴ ነው፣ ከግማሽ ሚሊግራም ብዙም አይዘልም፣ ዚንክ ከዚያም ያንሳል። ካልሲየም 10 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይገረማሉ። የዓሣ ካልሲየም ያለው አጥንቱ ውስጥ ነው። ከነአጥንቱ የሚበላ የታሸገ ሰርዲን በ100 ግራም 380 ሚሊግራም ያህል አለው። ፊሌቶ ብቻ የሚበላ ሰው ካልሲየም ከዓሣ አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅ። አዮዲንም ቢሆን የባሕር ዓሣ ላይ ነው በደንብ የሚገኘው፣ የኩሬና የሐይቅ ዓሣ ላይ ትንሽ ነው።

አንዳንድ አርቢዎች «መኖው ላይ ማዕድን ብጨምር ሥጋው ይከብራል» ይላሉ። ሴሌኒየም እውነትም መኖውን ይከተላል። ብረትና ዚንክ ግን ዓሣው ራሱ ይቆጣጠራቸዋል፤ ትርፉ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ቀስ በቀስም ጭቃው ላይ ይከማቻል። ፎስፈረስ ከመኖ መምጣት አለበት፣ ምክንያቱም ዓሣ ከውሃ የሚያገኘው በጣም ትንሽ ነው። ካልሲየምን ግን ከውሃው ራሱ ይስባል።

የሚያሰጉት ነገሮች ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ የሚቀመጡበት ቦታ የተለያየ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፣ በኋላ ናሙና ስትቆርጡም ስታበስሉም ይጠቅማችኋል። ሜርኩሪ ሥጋው ውስጥ ነው። ካድሚየም ጉበትና ኩላሊት ይወዳል። እርሳስ አጥንት፣ ቅርፊትና ስንጥብ ላይ ይቀመጣል። ዳይኦክሲንና ፒሲቢ የሚባሉት ከኢንዱስትሪና ከቃጠሎ የሚመጡ መርዛማ ኬሚካሎች ስብ ውስጥ ናቸው። አርሰኒክ የባሕር ዓሣ ላይ ከፍ ብሎ ቢታይ ወዲያው አትደንግጡ፤ አብዛኛው አርሰኖቤታይን የሚባለው ዓይነት ነው፣ ጉዳቱም በጣም አነስተኛ ነው። የሚያሳስበው ኢንኦርጋኒክ የሚባለው አርሰኒክ ስለሆነ ላብራቶሪው እሱን ለይቶ እንዲለካ ጠይቁ።

ውሃውንና አፈሩን የዓሣ ጫጩት ከማስገባታችሁ በፊት

ከሁሉ በፊት በእግራችሁ ሂዱ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ወደ ላይ ተከትላችሁ እዩ። ባትሪ የሚጠገንበት ቦታ፣ ጋራዥ፣ ቆዳ ፋብሪካ፣ ብረት የሚቀለጥበት፣ ወርቅ በሜርኩሪ የሚለይበት፣ የቆሻሻ መጣያ፣ ፀረ ተባይ በብዛት የሚረጭበት እርሻ፣ ይህን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። መሬቱ ከዚህ በፊት ምን እንደነበረም ሽማግሌ ፈልጋችሁ ጠይቁ። የድሮ የፍራፍሬ እርሻዎች ላይ እርሳስና አርሰኒክ ያለው ፀረ ተባይ ይረጭ ነበር፤ አፈሩ ደግሞ አይረሳም።

ከዚያ ምርመራ። ውሃ ብቻ አስመርምራችሁ አትርኩ። ውሃ የዛሬን ነው የሚነግራችሁ። ባለፈው ሳምንት ያለፈውን አያውቅም። ጭቃው ግን የዓመታት መዝገብ ነው፣ ስለዚህ ከላይኛው 5 ሴንቲሜትር የኩሬውን ጭቃ ከተለያየ ቦታ ወስዳችሁ አብራችሁ ላኩ። ውሃውን አንዴ በበጋ ሲያንስ፣ አንዴ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ አካባቢውን አጥቦ ሲገባ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ሊራራቁ ይችላሉ።

ፒኤች፣ የውሃው አሲዳማነት መለኪያ ማለት ነው፣ ከ6.5 እስከ 9 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማ ነው። ውሃው አሲዳማ በሆነ ቁጥር ብረቶች ከጭቃው ተፈትተው ወደ ውሃው ይገባሉ። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ግን እርሳስና ካድሚየም ላይ ይሻማል፤ በሩ ላይ ካልሲየሙ ስለሚቀድም ዓሣው የሚያስገባው መርዝ ይቀንሳል። ለዚህ ነው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ኩሬ ላይ መበተን ሁለት ሥራ የሚሠራው። እዚህ ላይ አደራ፦ የተቃጠለ ኖራ ሌላ ነገር ነው። ፒኤቹን በአንዴ አስፈንጥሮ ዓሣውን ይፈጃል። እሱን ዓሣ በሌለበት ባዶ ኩሬ ላይ ካልሆነ አትጠቀሙ።

አዲስ ኩሬ የምትሞሉ ከሆነ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ነቅላችሁ አውጡ። ውሃ ስር የሚበሰብስ ዕፅዋት ኦክስጅን ይጨርሳል፤ በዚያ ጊዜ ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ተራውን ሜርኩሪ ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባለው አደገኛ ዓይነት ይቀይሩታል። አዲስ የተገደቡ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዓሣው ሜርኩሪ ከፍ የሚለው በዚህ ነው።

ዕቃውንም ተመልከቱ። መረቡን የሚያሰጥመው ክብደት ብዙ ጊዜ እርሳስ ነው። ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ይተኛል፣ ስትጎትቱት ጭቃው ላይ ይፋቃል። በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ክብደት ቀይሩት። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ለውሃም ለመኖም አይሁን፣ የፈለገውን ያህል ቢታጠብ። ቀለሙ የሚላጥ ታንከርም እንደዚያው።

መኖ

በእርባታ ዓሣ ዋናው በር ይህ ነው። ውሃችሁ የምንጭ ውሃ ቢሆን እንኳ መኖው ከተበላሸ ዓሣው ይበላሻል።

የሳልሞን ታሪክ በደንብ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታላቅ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የእርባታ ሳልሞን ከዱር ሳልሞን የበለጠ ፒሲቢ እንዳለው አሳየ። ምክንያቱ መኖው ነበር፦ ከትናንሽ የባሕር ዓሣዎች የተጨመቀ ዘይት፣ ባሕሩ ውስጥ ያለውን ስብ ወዳድ መርዝ ሁሉ አጠራቅሞ ይዞ ይመጣል። የኖርዌይ አርቢዎች እ.ኤ.አ. በ1990 መኖአቸው 90 በመቶ ያህል ከባሕር የመጣ ነበር፤ በ2013 ወደ 30 በመቶ ወርዷል። ቀሪውን አኩሪ አተርና የአትክልት ዘይት ተካው። ፒሲቢውና ዳይኦክሲኑ ቀነሰ። ግን ዓሣን የምንወድበት ኦሜጋ 3 ቅባትም አብሮ ወረደ። በአንድ በር ነው የሚገቡት ያልኳችሁ ይኸው ነው።

ስለዚህ መኖ ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የዓሣ ዱቄቱና ዘይቱ ከምን ዓሣ እንደተሠራ፣ የከባድ ብረት ምርመራ ውጤት እንዳለው፣ ጆንያው ላይ የምርት ቁጥር መኖሩን። ሻጩ ካቅማማ እኔ አልገዛም። ከእያንዳንዱ አዲስ ምርት ደግሞ 200 ግራም ያህል በንጹሕ ከረጢት አድርጋችሁ፣ ቀኑንና የምርት ቁጥሩን ጽፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ቀን የዓሣው ውጤት ቢበላሽ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መመርመር የምትችሉት ይህን ብቻ ነው። እኛ ጋ አንድ መሳቢያ ሙሉ አለ፤ በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ ቀን ቀን ተጽፎበት ተደርድሯል።

የእህል መኖም የራሱ ጣጣ አለው። እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ የሸተተውን ጣሉ። የዶሮ ኩስ ኩሬ ላይ የምትጨምሩም ከሆነ ዶሮዎቹ ምን እንደሚበሉ እወቁ፣ ምክንያቱም መኖአቸው ላይ የተጨመረው መዳብ፣ ዚንክና አንቲባዮቲክ ከኩሱ ጋር ወደ እናንተ ኩሬ ይመጣል።

መድኃኒትና ኬሚካል

ማላካይት ግሪን የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም ማንም ቢመክራችሁ እንቢ በሉ። ፈንገስ ይገድላል፣ እውነት ነው። ግን ለምግብ በሚሆን ዓሣ ላይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው፤ ዓሣው ሰውነት ውስጥ ሉኮማላካይት ግሪን ወደሚባል ነገር ተቀይሮ ስቡ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ለአልጌ ኮፐር ሰልፌት የምትጠቀሙ ከሆነ መጠኑን በግምት አትስጡ። የተለመደው ስሌት የውሃውን አልካሊኒቲ፣ ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን ማለት ነው፣ በሚሊግራም በሊትር ለክቶ ለ100 ማካፈል ነው። አልካሊኒቲው 120 ከሆነ 1.2 ሚሊግራም በሊትር፤ 1000 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ኩሬ 1.2 ኪሎ ማለት ነው። አልካሊኒቲው ከ50 በታች ከሆነ ጭራሽ አትንኩት፣ ዓሣውን ይገድላል። በየጊዜው ከደጋገማችሁት ደግሞ መዳቡ ጭቃው ላይ ይጠራቀማል።

አንቲባዮቲክ ከሰጣችሁ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ጊዜ አክብሩ። አንዳንዱ በቀን ሳይሆን በዲግሪ ቀን ነው የሚጻፈው፤ የውሃው ሙቀት በቀኑ ብዛት ሲባዛ ማለት ነው። 500 ዲግሪ ቀን ካለ፣ ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን 20 ቀን፣ 10 ዲግሪ ሲሆን 50 ቀን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወጣው።

ናሙና አወሳሰድ

እኛ የተሸወድንበት አንዱ ቦታ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

አንድ ዓሣ አይበቃም። ከኩሬው የተለያየ ማዕዘን ከ5 እስከ 10 ዓሣ ያዙ፣ በመጠን የተቀራረቡ ይሁኑ፣ ለሽያጭ የሚደርሱትን። የእያንዳንዱን ርዝመትና ክብደት ጻፉ። ሜርኩሪ በዕድሜና በመጠን ስለሚጨምር መጠኑ ያልተጻፈለት ውጤት ከሌላ ጋር አይወዳደርም። በነገራችን ላይ የእርባታ ቲላፒያ ሜርኩሪው ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፦ ገና በወራት ዕድሜው ይወጣል፣ ሌላ ዓሣ አድኖም አይኖርም። ትልልቅ አምባዛ ከሆነ ግን ትናንሽ ዓሣ ስለሚበላ ነገሩ ይለያል።

ዓሣውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ዱቄት ያለበት የላስቲክ ጓንት አታድርጉ፤ ዱቄቱ ውስጥ ዚንክ ሊኖር ይችላል፣ የዚንክ ውጤታችሁን ያበላሸዋል። ቢላዋው የማይዝግ ብረት፣ መክተፊያው ንጹሕ ፕላስቲክ ይሁን። ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ከጎኑ መስመር በላይ ካለው የጀርባ ሥጋ ቁረጡ። ቅርፊት፣ ቆዳ፣ አጥንት እንዳይነካው። እኛ የመጀመሪያውን ናሙና ከነቆዳው፣ ቅርፊቱም በደንብ ሳይወልቅ፣ የኩሬ ጭቃ ሳይጠራ ነበር የቆረጥነው። እርሳስ የሚቀመጥበትን ቦታ አብረን ላክን ማለት ነው። ዓሣችሁ ትንሽ ሆኖ ከነአጥንቱ የሚበላ ከሆነ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፤ ሰው እንደሚበላው ሙሉውን ላኩ፣ ካልሲየሙም እርሳሱም የሚታየው እንደዚያ ነው።

ለብረት ምርመራ አዲስ ፕላስቲክ ከረጢት ይሁን፣ በፎይል አትጠቅልሉ። ለዳይኦክሲንና ለፒሲቢ ግን በተቃራኒው ነው፣ ንጹሕ ፎይል ወይም ብርጭቆ እንጂ ፕላስቲክ አይሁን። ወዲያው አቀዝቅዙ፣ በበረዶ ላኩ።

አንድ ዘዴ ልጨምር። አንዱን ናሙና ለሁለት ከፍላችሁ፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጥታችሁ ላኩ። ሁለቱ ውጤቶች ካልተቀራረቡ በቀሪዎቹም አትተማመኑ።

ላብራቶሪውን ምን ልጠይቅ፣ ውጤቱንስ እንዴት ላንብብ?

ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። አይኤስኦ 17025 የሚባለው፣ ላብራቶሪ በትክክል የመለካት ብቃት እንዳለው የሚያሳየው ዕውቅና አላችሁ ወይ በሉ። ዝቅተኛው በአስተማማኝ የምትለኩት መጠን ስንት ነው በሉ። የካድሚየም ወሰን 0.05 ሆኖ ሳለ መሣሪያው ከ0.5 በታች የማያይ ከሆነ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ምንም ማለት አይደለም። ሜርኩሪን በምን ዘዴ እንደሚሠሩም ጠይቁ፤ ሜርኩሪ በሙቀት ይተናል፣ ናሙናው ተቃጥሎ አመድ ሆኖ የሚለካ ከሆነ ሜርኩሪው ጭስ ሆኖ ሄዷል።

ወረቀቱ ሲመጣ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። ፒፒኤም ካለ ሚሊግራም በኪሎ ነው። ፒፒቢ ካለ ማይክሮግራም በኪሎ ነው፣ ለ1000 ይካፈላል።

ከዚያ ትልቁ ጥያቄ፦ ደረቅ ነው እርጥብ? የእኛ 0.9 ጉድ እዚህ ነው የተፈታው። ላብራቶሪው ደውዬ «ይህ ቁጥር በእርጥብ ክብደት ነው?» ስል ባለሙያዋ «አይ፣ በደረቅ ነው፣ ግርጌው ላይ ተጽፏል እኮ» አለችኝ። በእርግጥም በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። የዓሣ ሥጋ ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ውሃ ነው። ናሙናው ደርቆ ከተለካ ቁጥሩ አራትና አምስት እጥፍ ይጨምራል። የኮዴክስም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት ወሰኖች ግን በእርጥብ ክብደት ናቸው። የእኛው ናሙና እርጥበቱ 78 በመቶ ነበር። ስለዚህ 0.9 ሲባዛ በ0.22 0.198 ሆነ። ከ0.3 በታች ነው። ቢሆንም ልቤ አልረጋም፣ ወደ ወሰኑ ተጠግቷል። ቆዳውን ገፈን፣ በደንብ አጥበን፣ ሥጋውን ብቻ እንደገና ስንልክ በእርጥብ 0.04 መጣ።

ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ለአብዛኞቹ የዓሣ ዓይነቶች ሥጋ ካድሚየምን 0.05፣ እርሳስን 0.3 ላይ ገድቧል። ሜርኩሪን እንደ ዓሣው ዓይነት ከ0.3 እስከ 1 ሚሊግራም በኪሎ። የአገራችሁ ሕግ የተለየ ከሆነ የሚሠራው እሱ ነው።

ስንት ቢበላ ነው ችግር የሚሆነው?

ወሰን ማለፍና አለማለፍ ለነጋዴ ነው የሚጠቅመው። ለሚበላው ሰው ደግሞ በሳምንት ስንት ገባ የሚለው ነው ጥያቄው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 ለሜቲል ሜርኩሪ ያስቀመጠው መጠን በሳምንት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.3 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 78 ማይክሮግራም ይሆናል።

ዓሣችሁ 0.05 ሚሊግራም በኪሎ ሜርኩሪ ቢኖረውና በሳምንት 300 ግራም ቢበላ፣ የገባው 15 ማይክሮግራም ነው። ሰላም ነው። 0.5 ያለው ዓሣ ግን፣ ሕጋዊ ሆኖ ሊሸጥ የሚችል ማለት ነው፣ በ300 ግራም 150 ያስገባል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። 15 ኪሎ የሆነ ሕፃን ደግሞ ጣሪያው 19.5 ብቻ ነው፤ ከዚያው ዓሣ 40 ግራም፣ ሁለት ጉርሻ እንኳ የማይሞላ፣ ይበቃዋል። ለእርጉዝ ሴት የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1956 ጃፓን ሚናማታ ላይ በታወቀው በሽታ ብዙም ሕመም ያልታየባቸው እናቶች አእምሮአቸው የተጎዳ ልጆች ወልደዋል። ሜርኩሪው ከኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ እናት ነው የሄደው። ለእርጉዝና ለሕፃን ዓሣ ይከልከል ማለቴ አይደለም፣ በጣም ይጠቅማቸዋል። ሜርኩሪው ትንሽ የሆነውን ምረጡላቸው።

ውጤቱ መጥፎ ከሆነ

ሽያጩን አቁሙ፣ ናሙናውን ግን ድገሙ። ከተረጋገጠ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጣችሁትን መኖና ጭቃውን አስመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይናገራል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማቆየት የጭቃ ሽታ ያጠፋል፣ ሜርኩሪን ግን አያወጣም፤ እሱ ከዓሣ ሥጋ ለመውጣት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። ዓሣውን ገና ትንሽ ሳለ ከኩሬው አውጥቶ መሸጥ የሜርኩሪውን መጠን ይቀንሳል። ምንጩ ጭቃው ከሆነ ኩሬውን አድርቃችሁ የላይኛውን ጭቃ ማንሳት ይኖርባችኋል፣ የተነሣው ጭቃም ጓሮ አትክልት ላይ አይደፋ።

ማድ ቤት

ስንጥቡን፣ ሆድ ዕቃውን፣ ጉበትና ኩላሊቱን አስወግዱ፣ ካድሚየሙ እዚያ ነው። ስብ ባለው ዓሣ ቆዳውንና የሆዱን ስብ ገፋችሁ፣ ስቡ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ አድርጋችሁ ጥበሱ፣ ዳይኦክሲንና ፒሲቢ ከስቡ ጋር ይቀንሳሉ። ሜርኩሪ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እንዲያውም ሲበስል ውሃው ስለሚወጣ በግራም ሲሰላ ቁጥሩ ትንሽ ይጨምራል። ሎሚ የተደረገበትን ዓሣ በአልሙኒየም ዕቃ ወይም ምን እንደተቀባ በማታውቁት የሸክላ ዕቃ አታሳድሩ። አሲዱ ብረቱን ይፈታዋል።

ምርመራውን በዓመት አንዴ፣ ውሃው በጣም በሚያንስበት ወር ድገሙት። መኖ ስትቀይሩ ወይም ከውሃው በላይ አዲስ ነገር ሲከፈት ግን ዓመቱን አትጠብቁ።